ምንጣፉን ማን አመጣው?

አልሐምዱ ሊላህ። ሰውን ከአፈር ፈጥሮ ላከበረ፣ በአደም ልጅ አንገት ላይ ዋጋ የሚለጥፈውን ለሚቆጣ፣ በሌሊት ከበረሃ መሐል የሚጮኸውን ያለ ስልክ ለሚሰማ ጌታ ምስጋና ይገባው። ሶላትና ሰላም ባሪያ ነፃ ማውጣትን ዒባዳ አድርገው ባስተማሩን በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሐቦቻቸው ላይ ይውረድ።

አማ ባዕድ። የአላህ ባሮች ሆይ! ራሴንም እናንተንም በተቅዋ አደራ እላለሁ።

ዛሬ ስትገቡ ብዙዎቻችሁ በሩ ላይ ቆም ብላችሁ ስትተያዩ አይቻለሁ። አዎ፣ የፊተኞቹ አራት ሶፎች ምንጣፍ የላቸውም። የተነጠፈው የድሮው ሰሌን ነው። ከአባቶቻችን አንዱ ለጉልበታቸው ካርቶን አጥፈው ይዘው ገብተዋል፤ ያስቸገርናቸው እኛ ነንና አውፍ ይበሉን። ምንጣፉ አልተሰረቀም፤ ሊታጠብም አልሄደም። ተጠቅልሎ ዕቃ ቤት ቆሟል።

ታስታውሳላችሁ፤ ከሁለት ረመዳን በፊት አንድ ሰው ያንን አረንጓዴ ምንጣፍ በአይሱዙ አስጭኖ መጣ። ለወንዶቹ የፊተኛ ሶፎችም ለሴቶቹም ክፍል ተዳረሰ። እኔ እዚሁ ሚንበር ላይ ቆሜ ዱዓ አደረግሁለት፤ እናንተም ጣሪያው እስኪያስተጋባ አሚን አላችሁ። ሥራው ምን እንደሆነ ያላወቀ ከመካከላችን ማን ነበር? «ልጆች ይልካል» ነው የምንለው። ደብዳቤ ይመስል! ሰርግ ላይ ከሽማግሌ በላይ ይቀመጣል፣ ለቅሶ ቤት ከሁሉ ቀድሞ ድንኳን ያስተክላል፣ ቀበሌ ሲገባ ወንበር ይለቀቅለታል። ደላላ ነው ብለን በስሙ ለመጥራት ግን አፋችን ይታሰራል።

ከሦስት ሳምንት በፊት ከዐስር ሶላት በኋላ አንዲት እናት ወደ እኔ መጡ። ስልካቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አወጡና «ኡስታዝ፣ እርስዎ ይስሙልኝ፤ እኔ ከእንግዲህ አልችልም» አሉኝ። ልጃቸው ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። በመተማ ወጥቶ፣ ሱዳንን አቋርጦ ሊቢያ ገብቷል። አሁን በኒ ወሊድ በሚባለው ከተማ፣ እነሱ «መኽዘን» በሚሉት መጋዘን ውስጥ ታግቷል። በኢሞ የተላከውን ድምፅ ሰማሁት። ስለ ግርፋቱ አላወራም፤ የሰማችሁ ታውቁታላችሁ፣ ያልሰማውን አላህ አያሰማው። አንድ ነገር ብቻ ልናገር። ልጁ እያለቀሰ መሐል ላይ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ያነባል። ሒሳቡ የሊቢያ አይደለም፤ እዚሁ አገር፣ እኛ በምንሰለፍበት ባንክ የተከፈተ ነው። ቁጥሩን ሲሳሳት ይመቱታል፤ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

እናቱ የጠየቁኝ ስለ ገንዘቡ አልነበረም። «ልጄን የወሰደው የእሱ ሰው ነው። ምንጣፉ ላይ ሱጁድ ስወርድ ልጄን የረገጥሁት ይመስለኛል። እባካችሁ ከግንባሬ ሥር አንሡልኝ» አሉ።

አነሣነው።

ወንድሞቼና እህቶቼ! ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ደጋግሞ ወደ ልቤ የመጣው የገዛ አገራችን ታሪክ ነው። በ615 እ.ኤ.አ. ግድም ሰሐቦች የመካን ግፍ ሸሽተው ወደ ሐበሻ ሲገቡ፣ ቁረይሾች ሊያስመልሷቸው ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን ላኩ። ይህን ከልጅነታችሁ ጀምሮ ሰምታችኋል። ሁልጊዜ ግን ቸኩለን የምናልፈው አንድ ቦታ አለ። ኢብኑ ኢስሐቅ ከእናታችን ከኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) እንደዘገበው፣ መልእክተኞቹ ምርጥ ምርጡን የመካ ቆዳ ጭነው ሲመጡ በቀጥታ ወደ ንጉሡ አልሄዱም። በመጀመሪያ በዙሪያው ያሉትን ሹማምንት አንድ በአንድ ዞሩ። እያንዳንዱ ሹም የድርሻውን እጅ መንሻ ተቀበለ። በምላሹ የተጠየቁት ነገር ትንሽ ነው፤ ንጉሡ ስደተኞቹን ሳያነጋግር እንዲያስረክብ እንዲመክሩት ብቻ።

እስቲ አስተውሉ። ግደሉልን አላሏቸውም፤ እሰሩልንም አላሏቸውም። ስደተኞቹ ሳይሰሙ እንዲያልፉ ነው የፈለጉት። የተደራጀ ወንጀል እስከ ዛሬ ድረስ ከባለሥልጣን የሚገዛው ይህንኑ ነው፤ ያዩትን እንዳላዩ መሆን፣ ሳይጠይቁ መፈረም፣ ፋይሉን ከታች ማድረግ። ከባዱን ሥራ ወንጀለኛው ራሱ ይሠራዋል።

ሹማምንቱ እንደተባሉት መከሩ። ንጉሡ ነጃሺ ግን ተቆጣ። ከስደተኞቹ ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ቆሞ እንዲናገር አደረገ፤ ሰማው፤ ከሱረቱ መርየም ሲነበብለት አለቀሰ፤ ስጦታውንም መልሱላቸው ብሎ አዘዘ። ምክንያት ሲሰጥም፣ አላህ መንግሥቴን ሲመልስልኝ ጉቦ አልተቀበለኝምና እኔም አልቀበልም የሚል ሐሳብ ተናገረ። ይህ ንግግር ለብዙ ሰው እንቆቅልሽ ነበር። ምን መንግሥት ነው የተመለሰለት? ፍቺው ከእናታችን ከዓኢሻ (ረ.ዐ) የመጣ ነው። ነጃሺ ለአባቱ አንድ ልጅ ነበር። የአገሩ ሰዎች አባቱን ገድለው አጎቱን አነገሡ። ብላቴናው ሲጎለምስ ይበቀለናል ብለው ፈሩት፤ አጎቱን አስጨንቀው ገበያ አወጡትና ለአንድ ነጋዴ በ600 ዲርሃም ሸጡት። ነጋዴውም ጀልባ ላይ ጫነው።

ጀመዓ ሆይ! ያ የሐበሻ ንጉሥ ገበያ ወጥቶ የተሸጠ፣ ጀልባ ላይ የተጫነ ልጅ ነበር። በዚያው ዕለት ማታ አጎትየው ዝናብ ሊያይ ሲወጣ መብረቅ መታው፤ ልጆቹ ለመንግሥት የማይበቁ ሆኑ፤ ሕዝቡ ሮጦ ብላቴናውን ከነጋዴው ነጥቆ ዘውድ ጫነለት። ነጋዴው ገንዘቤን ብሎ ሲመጣ ንጉሡ፣ ወይ ገንዘቡን ስጡት፣ ወይ የገዛው ልጅ እጁን በእጁ አድርጎ ይሂድ ብሎ ፈረደ። የመጀመሪያ ፍርዱ በራሱ ላይ ነበር ማለት ነው። የመሸጥን ጣዕም የቀመሰ ሰው ሌላውን ለመሸጥ እጁን አልዘረጋም። በዙሪያው የነበሩት ግን ሽያጩን ያከናወኑት ሰዎችና የልጆቻቸው ወገን ናቸው፤ ከዓመታት በኋላም ቆዳ ሲሰጣቸው ያው ናቸው።

ስለዚህ አንድ መንግሥት ሲመዘን ንጉሡን ብቻ ማየት አይበቃም። በንጉሡና በስደተኛው መካከል ስንት በር አለ? እያንዳንዱ በር ላይስ ማን ቆሟል?

ዛሬ ወዳለው ልምጣ። ከሊቢያ ዋና ከተማ በስተ ምዕራብ ዛዊያ የምትባል የወደብ ከተማ አለች። ስደተኛን ከባሕር ያወጣል ተብሎ የተሾመው የዚያ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ አዛዥ ዐብዱረሕማን ሚላድ ይባላል፤ ሕዝቡ «ቢጃ» ይለዋል። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በሰኔ 2018 እ.ኤ.አ. በሰው አሻጋሪነት ማዕቀብ ከጣለባቸው ስድስት ሰዎች አንዱ ነው። ከስድስቱ ሁለቱ ኤርትራውያን፣ አራቱ ሊቢያውያን ናቸው። ይኸው ሰው ማዕቀቡ ከመጣሉ አንድ ዓመት አስቀድሞ በሊቢያ የልዑካን ቡድን ውስጥ ሆኖ ኢጣሊያ ገብቶ፣ ስለ ስደት ከባለሥልጣናት ጋር ተሰብስቦ ነበር። በ2020 አገሩ አሰረችው፤ በ2021 ለቀቀችው፤ ማዕረግም ጨመረችለት። በመስከረም 2024 በጥይት ተገደለ። ማዕረግ በሰጠው መንግሥትና ልጆቻችንን በሚያግተው ቡድን መካከል ያለውን ድንበር የሚያሳየኝ ካለ ያሳየኝ። እኔ አላየሁትም። የደንብ ልብሱ አንድ ነው፣ ጀልባዋም አንዲት ናት።

«ሊቢያማ መንግሥት የላትም» የሚል ይኖራል። እሺ፣ ወደ አገራችን እንምጣ። በበኒ ወሊድ መጋዘኖች በጭካኔው ስሙ የታወቀው ኪዳኔ ዘካርያስ ሀብተማርያም በ2012 ዓ.ም. የተያዘው አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ያስያዘው ከእጁ የተረፈ አንድ ልጅ ነው፤ መንገድ ላይ አይቶት ለየው። የዚያ ልጅ ወኔ ይገርመኛል። ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ ይሆናል ወደ ፖሊስ የሄደው። ክስ ተመሠረተ፤ የተገረፉ ልጆች ቀርበው መሰከሩ። በ2013 ዓ.ም. ግን ተከሳሹ ለችሎት ከመጣበት ግቢ አምልጦ ሄደ። ፍርድ ቤቱ በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደበት፤ ሰውዬው የተያዘው በ2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ነው። በሩን ማን እንደከፈተ ከዚህ ሚንበር ላይ ሆኜ አልፈርድም፤ ለመፍረድ ያየሁት የለም። እኔ የማስበው የመሰከሩትን ልጆች ነው። ማምለጡን የሰሙ ዕለት ማታ እንዴት አደሩ? በራቸውን ስንት ጊዜ ቆልፈው ስንት ጊዜ ተነሥተው አዩት? ከዚያ በኋላስ «ናና መስክር» ሲባል የትኛው ልጅ ይመጣል?

ወንጀለኛ መንግሥትን ሲበላ መጀመሪያ የሚበላው ይህንን ነው፤ የደካማውን ሰው እምነት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከትልቅ ጎሣ የሆነች ሴት ሰርቃ ለምልጃ ሲመጡባቸው፣ የቀደሙት ሕዝቦች የጠፉት ታላቁ ሲሰርቅ እየተዉ ደካማው ሲሰርቅ ስለሚቀጡ መሆኑን የተናገሩት ለዚህ ነው። የገዛ ልጃቸውን የፋጢማን ስም ጠርተውም እርሷም ብትሆን አልተዋትም ብለዋል።

ይህን እላለሁ፤ ለእኔም ለእናንተም አላህን ምሕረት እለምናለሁ። እናንተም ለምኑት።

ሁለተኛው ኹጥባ

አልሐምዱ ሊላህ፤ ወስሶላቱ ወስሰላሙ ዐላ ረሱሊላህ።

የአላህ ባሮች ሆይ! በመጀመሪያው ኹጥባ ስለ ሹማምንት ስናገር አንዳንዶቻችሁ ራሳችሁን ስትነቀንቁ ነበር። ስለ ሹም ሲወራ ራስ መነቅነቅ ቀላል ነው። አሁን ተራው የእኛ ነው።

ሱረቱል በቀራ 188ኛው አንቀጽ ገንዘብን በመካከላችን ያለ አግባብ እንዳንበላ፣ ከሰዎችም ሐቅ ለመብላት ስንል ወደ ዳኞች እንዳናቀርበው ይከለክላል። ክልከላው የተነገረው ለሰጪው ነው! ዳኛው ከመቀበሉ በፊት አቅራቢው ተይዟል። እኛ ግን ለዚህ ነገር ስንት ጣፋጭ ስም አወጣንለት! እጅ መንሻ፣ መማለጃ፣ የሻይ፣ የካርድ መሙያ፣ ማለስለሻ። ጉቦ የሚለው ቃል ለሌላ ሰው ብቻ የተፈጠረ ይመስል ለራሳችን ተጠቅመንበት አናውቅም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎ የተረተውም ሕዝብ እኛው ነን። ይህን ተረት ልጅ ሆኜ ስሰማ እስቅ ነበር። አሁን አልስቅም፤ የሌባን ምክር ለልጆቻችን እንደ አባት ምክር የምናወርሰው በዚህ ተረት ነውና።

የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጃገረድ ለዓረብ አገር ፓስፖርት ስታወጣ ዕድሜዋ ሃያ አንድ ይሆናል። አምስቱን ዓመት ማን ጨመራት? አላህ አልጨመረም። አባቷ ቀበሌ ሄዶ አንድ ወረቀት አስጻፈ፤ ጸሐፊው ማኅተም መታ፤ በመካከላቸው የሻይ የምትባለው ነገር አለፈች። ጸሐፊው ደግ ሰው ነው፤ ምናልባት ዛሬ ከመካከላችን አለ፤ ደመወዙ አይበቃውም፣ የተቸገረ ቤተሰብ የረዳ ነው የሚመስለው። ከዚህች ማኅተም እስከዚያ መጋዘን ድረስ ግን የተዘረጋው አንድ ገመድ ነው። እናትየው ያሰሙኝ የሒሳብ ቁጥር የተከፈተውም በእንዲህ ያለ መታወቂያ ይሆን? አሏሁ አዕለም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘካ እንዲሰበስብ የላኩት ኢብኑል ሉትቢያ የተባለ ሰው ተመልሶ ሲመጣ፣ ይህ የእናንተ ነው፣ ይህ ደግሞ ለእኔ የተበረከተልኝ ነው ብሎ ለየ። እርሳቸው ሚንበር ላይ ወጥተው፣ በአባቱ ወይም በእናቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ስጦታው ይመጣለት እንደሆነ ጠየቁ። ይህ ጥያቄ ለሹም ብቻ አይደለም። ለእኛ ለመስጂድ ሰዎችም ነው። ያ ሰው ምንጣፉን ለምን አመጣው? ሶላት አብዝቶ ስለሚወድ ነው? የፈለገው ዱዓዬን ነው፤ የእናንተን አሚን ነው። ስሙ በሚንበር ላይ ከተጠራ በኋላ በየትኛው ቤት በር ላይ ቢቆም «ሐላል ሰው ነው» ይባላል። ምንጣፍ ሰጥቶ የሰፈሩን ሁሉ አመኔታ ገዛ። ርካሽ ነው! የቁረይሽ መልእክተኞችም ሹማምንቱን እንዲህ በርካሽ አልገዟቸውም። አላህ ጥሩ ነውና ጥሩውን እንጂ እንደማይቀበል በሐዲስ ተምሬ፣ አስተምሬም፣ ሳልጠይቅ ተቀበልሁ። ጥፋቱ ከማንም በፊት የእኔ ነው። አስተግፊሩላህ።

ምንጣፉ ምን ይሁን ለሚለው ኮሚቴው ገና አልተስማማም። ለባለቤቱ ይመለስ ያሉ አሉ፤ ከልጆች ሥጋ የተገዛ ዕቃ «የእሱ» ይባላል ወይ ያሉም አሉ። አንድ ወንድማችን ተሽጦ ለልጁ ማስለቀቂያ ይግባ አለ። ሌላው ደግሞ ይህማ የደላላውን ገንዘብ በእኛ እጅ ዞሮ ለደላላው መመለስ ነው ብሎ ሁላችንንም ዝም አሰኘን። በዚህ ላይ ዓሊሞችን እየጠየቅን ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልግባ። ማስለቀቂያውን እንክፈል ወይስ አንክፈል? ብትከፍል ነገ ሌላ ልጅ ይታገታል፤ ብትተው ይህኛው ይሞታል። ከወንበር ላይ ሆኖ «አትክፈሉ» የሚል ሰው ያን ድምፅ አልሰማም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ምርኮኛ እንዲፈታ አዘዋል፤ ዑለማእ የሙስሊሞች ገንዘብ ቢያልቅም እንኳ እስረኛ ይፈታ እስከማለት የደረሱ አሉ። እኔ የያዝሁት ይህንን ነው፤ የልጁ አንገት ይቀድማል። ከፍለህ ዝም ካልክ ግን ልጅህን አውጥተህ የጎረቤትህን ልጅ አስገባህ።

ዝምታው የሚሰበረው አብሮ በመቆም ነው፤ ይህን እንድታዩ ወደ ሲሲሊ ልውሰዳችሁ። ቢጃ ለስብሰባ የሄደባት የኢጣሊያ ደሴት እርሷ ናት። ማፊያ የሚባለው ነገር የተወለደባት፣ በየሱቁ ለጥበቃ ተብሎ ገንዘብ ሲሰበሰብባት የኖረች ናት። ፓሌርሞ ውስጥ ልብስ የሚያሰፋ ሊቤሮ ግራሲ የሚባል ነጋዴ በጥር 1991 እ.ኤ.አ. «አልከፍልም» ብሎ በጋዜጣ ላይ ጻፈ። የሙያ ጓደኞቹ ሸሹት፤ ስማችንን አጠፋህ ያሉትም ነበሩ። በነሐሴ መንገድ ላይ ገደሉት። በዓመቱ ማፊያውን ለፍርድ ያቀረቡት ዳኛ ጆቫኒ ፋልኮኔና ባልደረባቸው ፓኦሎ ቦርሴሊኖ ሁለት ወር በማይሞላ ልዩነት ከአጃቢዎቻቸው ጋር በፈንጂ ተገደሉ። ግራሲን ማፊያ ገደለው ይባላል፤ እኔ ግን ብቻውን መሆኑም ገድሎታል እላለሁ። መቶ ነጋዴ አብሮት ቢቆም ኖሮ የትኛውን ይገድላሉ? ይህ ለፓሌርሞ ሰዎች የገባቸው ዘግይቶ ነው። በ2004 ወጣቶች በሌሊት የከተማዋን ግድግዳ የጥበቃውን ገንዘብ መክፈል ውርደት ነው በሚል ወረቀት ሞሉት፤ ቀስ በቀስም ነጋዴዎች ስማቸውን በአንድ ዝርዝር ላይ እያሰፈሩ አንከፍልም ማለት ጀመሩ። የሰው ንግድን የሚከለክለው የዓለም ስምምነትም በ2000 የተፈረመው በዚያችው ከተማ ነው። አገራችንም አዋጅ ቁጥር 1178/2012 አላት። የጎደለን ወረቀት አይደለም።

ስለዚህ እኚያን እናት ብቻቸውን አንልካቸውም ብለን ባለፈው ማክሰኞ እኔና ሁለት ሽማግሌዎች አብረናቸው ወደ ፖሊስ ሄድን። የሒሳብ ቁጥሩን በወረቀት ጽፈን፣ ድምፁንም አሰማን። ተረኛው ሰምቶ ሲጨርስ ኮፍያውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ከመጀመሪያው እንድናሰማው ጠየቀን፤ ከዚያ ጻፈ። መልስ ገና አልመጣም። በሚቀጥለው ማክሰኞም እንሄዳለን፤ የሚከተለን ካለ ከሱብሒ በኋላ በር ላይ ይጠብቀን። ሌላ ልጁ የታገተበት አባት ቁጥሩን ይዞ ይምጣ፤ ማፈር የለበትም። ማንም ግን በገዛ እጁ ምንጣፉን ባመጣው ሰውዬ ቤት ላይ ድንጋይ እንዳይወረውር፤ ቤተሰብ አለው፣ ልጆቹ አልሸጡንም። ያ ሰው ራሱ ዛሬ ከመካከላችን ካለም የተውበት በር አልተዘጋም፤ የሚጀምረው ግን መጋዘን ውስጥ ያለውን በማስፈታት ነው። ነፃ ሰውን ሽጦ ዋጋውን የበላውን፣ በቂያማ ቀን ተሟጋቹ እኔ ነኝ ያለው አላህ ራሱ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። በዚያ ችሎት ከግቢው የሚያስወጣ በር የለም።

እጃችሁን አንሡ። ያ አላህ! በበረሃ የታሰሩትን ፍታ፤ በባሕር የሰጠሙትን ማር፤ የሚጠብቁትን እናቶች ልብ ያዝ። ያ አላህ! ለመሰከሩት ልጆች ደህና እንቅልፍ ስጣቸው። በፍርድ ወንበር የተቀመጡትን፣ በኬላ የቆሙትን፣ ማኅተም የያዙትን እጃቸውን አጥራ። ለእኛም ሳንጠይቅ የተቀበልነውን፣ እያወቅን ዝም ያልነውን አውፍ በለን። አሚን።

ከሶላት በኋላ ለልጁ ማስለቀቂያ ነጠላው በሴቶቹ በር በኩል ይዘረጋል። የተጠየቀው 300 ሺህ ብር ነው፤ እስከ ትናንት ማታ የተሰበሰበው 140 ሺህ ነው።

ሶፋችሁን አስተካክሉ። ሰሌኑ ጠባብ ነውና ትከሻ ለትከሻ ተጠጉ፤ ለአባታችን ካርቶን ቦታ ልቀቁላቸው። አቂሙ ሶላህ።